ሐረጎ ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ

ሙሄ ባጃጁን ሸጦ ቱርቦ ገዛበት፤
እናቱ እስከ ዛሬ አልደረሰችበት።
የአባቱን ዲኤክስ፣ ቀለሟ የለቀቀ፣
በሯ በገመድ ታስሮ፣ ወንበሯ የተቦጨቀ፣
ኮምቦልቻ ድረስ፣ ከፋብሪካው አጥር ጀርባ፣
ሰው አስገፍቶ አመጣልኝ፣ ሐሙስ ፀሐይ ስትገባ።

ካርቡራቶሯን ፈታን፤ አራት ኢንጀክተር ተከልን፤
አንዲት እፍኝ የማትሞላ ሳጥን ከዳሽቦርዱ ሥር ደበቅን፤
ሽቦውን እንደ ሹሩባ ጎነጎንን።
ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የቁጥር ነው።
ላፕቶፔ ላይ አንድ ሰንጠረዥ አለ፣
እንደ ወረባቦ ማሳ በእርከን የተከፋፈለ፤
ወደ ታች የሞተሩ ፍጥነት፣ ወደ ጎን የትንፋሹ ክብደት፣
በየጎጆው ለአንድ ትንፋሽ የሚበቃት
የቤንዚን ቁና፣
በሺኛ ሰከንድ የሚሰፈር።

ጋሽ ይመር በርሜል ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።
አርባ ዓመት ካርቡራቶር ሲቃኙ
የግራ ጆሯቸውን የመንገድ ሥራ ግሬደር ወስዶታል፤
የቀኙን ዕድሜ እየጎተተው ነው።
ካቻቢቴያቸው ግን አለች፣ እጀታዋ በጥርስ የተበላ።
«ዘምዘም፣ እንግዲህ ሰፋሪዋ አንቺ ነሽ።
ሰፋሪ ይታማል፤
ቢያበዛ አባካኝ፣ ቢያሳንስ ንፉግ ይባላል።»

ሚኒሞ ላይ ለስላሳ ነበረች።
በሐርቡ ሜዳም በረረች፤
የሙሄ ሣቅ በመስኮት ወጥቶ ኋላ ቀረ።
ግን ሜዳ ምን ያስተምራል?
ማታ ሦስት ሰዓት፣ አይሱዙዎቹ ጋብ ሲሉ፣
አፍንጫዋን ወደ ሐረጎ አዞርናት።

አንደኛው ኩርባ ደህና። ሁለተኛውም።
ታች የቦርከና ጭላንጭል፣ ላይ የጦሳ ጉም፤
አየሩ በየኩርባው ይሳሳል፣ እንደ ታጠበ ኩታ፤
ሳጥኗ የቆላ ልጅ ናት፣
የደሴን ትንፋሽ አታውቀው፣ ታበዛለች በጭፍኗ።
ማርሚታዋ ጥቁር አገሳ።
«ጠግባለች» አልኩ። ቀነስኩ።
ከኩርባው ወዲያ ደግሞ ቀነስኩ፣ ከማሳው ሁሉ፣ ሳልመርጥ።
ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፤ ደስ አለኝ።

አሥራ አንደኛው ኩርባ ላይ፣
ሦስተኛ ማርሽ፣ ቱርቦው ነፍስ ሲዘራ፣
ሞተሯ ዝም አለች።
ጠፋች ማለቴ አይደለም። ዝም አለች፣
መልስ እያለው እንደሚተወው ሰው።

«እግርህን አንሣ!» ጋሽ ይመር ጮኹ።
እኔ ምንም አልሰማሁም።
ስክሪኑም ምንም አላለም።

ዳር ያዝን። ጉሙ የባትሪውን ብርሃን ጠጣው።
የካቻቢቴዋን እጀታ በመንጋጋቸው ነከሱ፣
ጫፏን ከሞተሩ ደረት አስደገፉ፣
ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በእጃቸው «ረገጥ አድርግ» አሉ።
ጥርሳቸው ሲነግራቸው አየሁ።
«ከአራቱ ሦስተኛዋ።»
ካንዴላዋን ፈታኋት፤
መዳፌ ላይ ነጭ ነበረች፣ የደረቀ ከንፈር መስላ።

«እንዴት ሰሙ?»
ካቻቢቴዋን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ሳይቸኩሉ።
«የራበው መጀመሪያ ዝም ይላል፤
ከዚያ ነው የሚያንኳኳው።
ካንኳኳ በኋላ በር የከፈትን ብዙ ነን።»
ሌላ አልጨመሩም።
እኔም ዕድሜያቸውን በሆዴ ቀንሼ፣
የትኛው ዓመት እንደሆነ ገምቼ፣ አልጠየቅኩም።

ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፈትኩ። ጣቴ በብርድ ደንዝዟል።
ያቺን ጎጆ ፈለግኳት፤ ከላይ አራተኛ፣ ከቀኝ ሁለተኛ፤
ስምንት ከመቶ መለስኩላት።
ለጎረቤቶቿም ጥቂት ጥቂት፣
ብቻዋን ብትጠግብ ዳገት አይወጣላትም።

ወጣን።
አሥራ ሁለተኛው ኩርባ፣ አሥራ ሦስተኛው፤
ድምጿ ወፈረ፣ ደረቷ ሞላ፣
ጋሽ ይመር ካቻቢቴዋን ኪሳቸው ከተቱ፤
ለኔ የዲግሪ ያህል ነበር።

የደሴ መብራት በጉሙ ውስጥ እንደ ተበተነ ማሽላ ሲታየን
የሙሄ ስልክ ጠራ። እናቱ ናት።
ሙሄ መሪውን አጥብቆ ያዘ።
ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራና
ዝም አለ።

«ደውልላት፣» አሉ ጋሽ ይመር ከኋላ፣
«ሳታንኳኳ።»